ክሩ ከተበጠሰበት ሁለት ጣት ወደኋላ

ስፌት መሀል ላይ ክር ሲበጠስ ጀማሪ ሰው ከሁለት ስህተት አንዱን ይሠራል። ወይ ሙሉውን ተርትሮ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ወይ ልክ ከተበጠሰበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ደግሞ ደንበኛዋ ስትቀመጥ ጠብቆ ይተረተራል። እኛ ሁለት ጣት ያህል ወደኋላ እንመለስና ጤነኛው ስፌት ላይ ደርበን እንቀጥላለን።

ወደ ሒሳብ የተመለስኩትም በዚሁ መንገድ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሁለት ማሽን ያላት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ተማሪ እያለሁ ሒሳብ "ከማይገባቸው" አንዷ ነበርኩ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገብታ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትመጣ፣ "ለአጎትሽ ደውዪለት" ማለት ሰለቸኝ። ስለዚህ ከአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመርኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ኢንጂነር አልሆንኩም። ግን ኤክስ ያለበት ጥያቄ ሳይ ሆዴን አይቆርጠኝም። እንደኔ መመለስ ለምትፈልጉ የሠራልኝን ልንገራችሁ።

የተበጠሰበትን ቦታ መፈለግ

"ሒሳብ አይገባኝም" የሚል ሰው ሒሳብን በሙሉ ማለቱ ነው። ውሸት ነው። የታክሲ ረዳት መልስ ሲያጎድልባችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ። ዕቁብ ስንተኛ ሳምንት ላይ ቢወጣ እንደሚያዋጣችሁም ታውቃላችሁ። የሆነ ቀን፣ የሆነ ምዕራፍ ላይ ግን አንድ ነገር አመለጣችሁ። ክፍሉ አልጠበቃችሁም። ቀጥሎ የመጣው ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ላይ ተሰፋ።

እኔ ጥፋቱን ለዓመታት የጣልኩት ፕላዝማው ላይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ከሰሌዳው ጎን ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ጠበቀን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈጣን ነው፤ "ይቅርታ፣ አልሰማሁም" አይባልም። ጥያቄ ይጽፍልንና ሥሩ ይለናል። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ሰጥቶ "ዌል ደን" ይላል። ማንን እንደሚያመሰግን እንጃ። አስተማሪያችን ጥግ ቆመው ከእኛ ጋር ያያሉ። መብራት ሲጠፋ እናጨበጭብ ነበር።

መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ስፈትሽ ግን የእኔ ክር የተበጠሰው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ሆኖ ተገኘ። ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል። "ሁለተኛውን ገልብጡና አባዙ" ተባልን። "ለምን ይገለበጣል?" ብዬ ጠየቅኩ። የተሰጠኝ መልስ ኩርኩም ነው። ከዚያ ወዲያ እጄን አላወጣሁም።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን የሒሳብ መጻሕፍት ሰብስቡ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ አሉ፤ ቴሌግራም ላይም ሞልተዋል። ማብራሪያውን አታንብቡ። ከየመልመጃው መጨረሻ ሦስት ጥያቄ ብቻ ሥሩ። እጃችሁ በራሱ እስከሄደ ድረስ እለፉ። መገመት ስትጀምሩ፣ ወይም "ይሄ እንኳን አያስፈልግም" ብላችሁ ገጽ መግለጥ ሲያምራችሁ፣ ቁሙ። እዚያ ነው። የገጹን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ ሁለት ምዕራፍ ወደኋላ ተመልሳችሁ ጀምሩ።

ጎልማሳ ሰው የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ሲታይ እንደሚያፍር አውቃለሁ። እኔ እንደ ድሮው በጋዜጣ ለበድኩት።

ለ"ለምን" መልስ መፈለግ

ያቺ የተኮረኮምኩባት ጥያቄ ሃያ ዓመት ጠብቃኝ መልሷ ሱቄ ውስጥ ተገኘ። ሦስት ሜትር ጨርቅ አለ። ለአንድ ሻሽ ሦስት ሩብ ሜትር፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ስንት ሻሽ ይወጣል? ጨርቁን ዘርግቼ በሳሙና ሰመርኩት። አንድ ሜትር ውስጥ አራት ሩብ አለ። ሦስት ሜትር ውስጥ አሥራ ሁለት ሩብ። አንዱ ሻሽ ሦስት ሩብ ይወስዳል። አሥራ ሁለት ለሦስት፣ አራት ሻሽ።

ምን አደረግኩ? መጀመሪያ በአራት አባዛሁ፣ ቀጥዬ ለሦስት አካፈልኩ። "ገልብጠህ አባዛ" የሚሉት ይኸው ነው። ታሕቱ፣ ከታች ያለው አራት፣ ጨርቁን ወደ ሩቦች ይቆራርጣል፤ ላዕሉ፣ ከላይ ያለው ሦስት፣ ሩቦቹን ያቧድናል። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን ጮክ ብዬ "በቃ ይሄ ነው?" አልኩ።

ስለዚህ የተበጠሰበት ገጽ ላይ ስትደርሱ ሕጉን ከመሸምደዳችሁ በፊት በእጅ በሚያዝ ነገር ሥሩት። በጨርቅ፣ በእንጀራ፣ በሽልንግ ሳንቲም፣ በባቄላ፣ ባገኛችሁት። አንዴ በእጃችሁ ካያችሁት ሕጉን ብትረሱትም እንደገና ትፈጥሩታላችሁ። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆንም ጎረቤቴ ያለው ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ነው የገባኝ። የ200 ብር ሦስት ዕዳ ሲሰርዝልኝ 600 ብር እንደሰጠኝ ነው።

የማባዣ ሰንጠረዥን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከደብተር ጀርባ ያለውን በዜማ መጮህ አያስፈልጋችሁም። የምትስቱት ሁሉንም አይደለም። እኔ የምስተው አምስት ብቻ ነበር፣ ሁሉም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ባሉት መሀል። እነሱን ብቻ ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩ። 7 ጊዜ 8 ይሄ ነው፦ 5፣ 6፣ 7፣ 8። ሃምሳ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ስምንት።

በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ መጻፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በእኔ ጊዜም እንደዚያው ነበር። ልጁ ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄውን ሳያውቅ ይወድቃል። ልጄ አንድ ቀን "ኢቨን ነምበርስ" የሚለውን ስልኳ ላይ ተርጉማ "እንኳን ቁጥሮች" አለችኝ። "እንኳን አደረሳችሁ" ብዬ ሳቅኩባት። ተጋማሽ ቁጥር ማለት እንደሆነ ስነግራት ግን "እሱንማ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርነው" አለች። እኔም በተራዬ "ፋይንድ ዘ ፕሮዳክት" የሚለውን "ምርቱን ፈልጉ" ብዬ እንዳነበብኩ ትዝ አለኝ። ፕሮዳክት ለእኔ ፋብሪካ የሚወጣ ነገር ነው። ብዜት መሆኑን የነገረኝ የለም።

አንድ ደብተር ለዚህ መድቡ። ገጹን መሀል ለመሀል አጥፉት። በአንድ በኩል በመጽሐፉ እንዳለ፣ በሌላው በአማርኛ። ከአማርኛው ቃል ሥር አንድ ትንሽ ምሳሌ። ድምር፣ ልዩነት፣ ብዜት፣ ድርሻ፣ ቀሪ። ላዕል ከላይ ያለው ነው፣ ታሕት ከታች ያለው። ቃሉ ራሱ ቦታውን ይናገራል፤ "ኒውሜሬተር" እና "ዲኖሚኔተር" ይህን ውለታ አይውሉም። "ኦፍ" የምትለዋን ደግሞ በቀይ ጻፏት፤ ከክፍልፋይና ከፐርሰንት ቀጥላ ስትመጣ "አባዙ" ማለት ናት። የእኛ ደብተር አሁን ወደ ሰማንያ ቃል ደርሷል። እንደኔ ግምት ከሒሳብ ፍርሃታችን ግማሹ እዚህ ደብተር ውስጥ ነው ያለው።

ሥራችሁን ጠረጴዛው ላይ ማምጣት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም እኔን የለወጠኝ ይህ ነው።

ፓይን ሁላችንም "22 ለ7" ወይም "3.14" ብለን አልፈነዋል። ክሎሽ፣ ማለትም ሲዘረጋ ክብ የሚሆን ጉርድ ስቆርጥ ስንት ዓመት ሙሉ እየተጠቀምኩበት መሆኑን አላውቅም ነበር። ክሎሽ ሲቆረጥ ጨርቁ አራት ይታጠፋል። ከታጠፈው ማዕዘን ተነስተን ለወገቡ የሚሆን ሩብ ክብ በሳሙና እንሰምራለን። ጥያቄው ከማዕዘኑ ስንት ሳንቲ እንራቅ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃዬ ሕጋቸው አጭር ነው፦ "ወገቡን ለስድስት ክፈዪ፣ ግማሽ ሳንቲ ቀንሺ።" ወገብ 70 ከሆነ ለስድስት ሲካፈል 11.67፣ ግማሽ ሲቀነስ 11.17። ቁረጪ።

ይሠራል። ለአብዛኛው ደንበኛ ይሠራል። ወገባቸው 100 የሆነ እናት ሲመጡ ግን ጉርዱ ይሰፋል። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለምንድን ነው?" ስላቸው "ጨርቁ ተለጥጦብሽ ነው" ይሉኛል። ክብ ሲቆረጥ ጨርቁ በሰያፍ ስለሚወድቅ መለጠጡ እውነት ነው። ታዲያ የትንሽ ልጅ ጉርድ ለምን ይጠባል? ያው ጨርቅ፣ ያው መቀስ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ሜትር ይዘን ቤቱን ዞርነው። ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ዙሪያውንና መሀል ለመሀል ያለውን ለካን። ምጣዱ ዙሪያው 182፣ መሀሉ 58። ሲካፈል 3.138። ሲኒው ዙሪያው 20፣ መሀሉ 6.4። 3.125። የባልዲ አፍ፣ የክዳን ጠርዝ፣ ሁሉም ሦስት ከትንሽ ነገር። ልዩነቱ የእጃችን ስህተት ነው። ትልቅም ይሁን ትንሽ ክብ ሁሉ በዙሪያውና በመሀሉ መካከል አንድ ዓይነት ዝምድና አለው፤ ፓይ የዚያ ዝምድና ስም ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር እንደልብ ስለሚጠማዘዝ ለዚህ ሥራ ከማስመሪያ ይሻላል። ትምህርት ቤት የያዝነው ማስመሪያ ነበር።

ከማዕዘኑ የምንለካው ግማሹን፣ ሬድየሱን ነው። ስለዚህ ወገቡ ለሁለት ጊዜ 3.14፣ ማለትም ለ6.28 መካፈል አለበት። ለ70፣ 11.15 ይሆናል። የጋሼ ሕግ 11.17 ይላል፤ ምንም አይደል። ለ100፣ 15.92 ነው። የጋሼ 16.17። ሩብ ሳንቲ ምን ያመጣል? ያመጣል። ያች ሩብ ሳንቲ ክቡን በሙሉ ስትዞር 6.28 ጊዜ ትባዛለች፤ ወገቡ ላይ ከአንድ ሳንቲ ተኩል በላይ ትሆናለች። ለ50 ደግሞ 7.96 መሆን ሲገባው ጋሼ 7.83 ይሉና ወደ ስምንት ሚሊ ሜትር ይጠባል። ሕጉ መሀሉ ላይ ልክ ነው፣ ዳርና ዳር ላይ ይስታል። ጋሼ ሒሳቡን ሳያውቁት ሳይሆን ለሚበዛው ደንበኛ አሳጥረውት ነበር።

እናንተም በእጃችሁ አንድ እንዲህ ያለ ሕግ አይጠፋም። ግንበኛ ከሆናችሁ ጎኒያ፣ ማለትም 90 ዲግሪ ማዕዘን ለማውጣት 60፣ 80፣ 100 ስትለኩ ፓይታጎረስን እየሠራችሁ ነው። ነጋዴ ከሆናችሁ ቫት የተጨመረበት 1,150 ብር ላይ 15 በመቶ ቀንሳችሁ እዩት። 1,000 አይመጣም። ለምን? እሱን ለብቻችሁ ተጨነቁበት፣ ጨርቄ እየጠበቀኝ ነው።

የአያቴ ቀሪ

"ዘራችን ሒሳብ አይሆንለትም" ይባል ነበር ቤታችን። አያቴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ዕንቁጣጣሽ ምን ቀን እንደሚውል በጣታቸው ቆጥረው ይናገራሉ። ማንም ሒሳብ ነው አላለውም። ባሕረ ሐሳብ ነው።

ቀሪ ያለበት ማካፈል የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሩ። 2018ን ብንወስድ 7,518። ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለአራት አካፍሉት፤ ቀሪውን ተዉትና ድርሻውን ያዙ፣ 1,879። መጠነ ራብዒት ይሉታል። ሁለቱን ደምሩ፣ 9,397። ለሰባት አካፍሉ። ቀሪው 3 ነው። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። በዚሁ መንገድ 2019 ዓርብ ይመጣል፣ 2020 ግን ቅዳሜን ዘሎ እሑድ።

ለምን ዘለለ? 365 ቀን ለሰባት ሲካፈል አንድ ይቀራል፣ ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ትገፋለች። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ሌላ አንድ ቀን ይጨመራል። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ናት። ለአራት የምናካፍለው እነዚያን ትርፍ ቀኖች ለመቁጠር ነው። ይህን ለልጄ ሳስረዳት አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ። "ሒሳብ አልወረስኩም" ብዬ ስንት ዓመት አኮረፍኩ።

ሳይንሱን ድስት ላይ መጣድ

ሳይንስን የተማርነው ያለ ዕቃ ነው። ቤተ ሙከራችን ተቆልፎ አቧራ የጠጣ ክፍል ነበር። "ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል" ብለን ጻፍን፣ ተፈተንን፣ አለፍን።

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ የምግብ ቴርሞሜትር ይዛ መጥታ ነበር። ውሃ ጣድን። ተንፈቀፈቀ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርን፣ 92። "እማ፣ ተበላሽቷል" አለች ልጄ። እኔ ደግሞ አሁን እንዲህ በቀላሉ አላምንም። በረዶ ሰብረን ውሃ ውስጥ ጨመርንና ነከርነው። ዜሮ። ዕቃው ጤነኛ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። በላያችን ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ስለሆነ ውሃውን የሚጫነው ነገር ይቀንሳል፣ እንፋሎቱም ቶሎ ያመልጣል። መቶው የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትጥዱ መቶ ገደማ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ላይ ከመቶም ትንሽ ያልፋል። ሽምብራ እኛ ጋ ለምን አልበስል እንደሚል፣ ፕሬዠር ኩከር ለምን እንደሚያፈጥነው ከዚህ ይቀጥላል። ኩከሩ ያጣነውን ጫና መልሶ ይሰጠናል።

ከመጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር በሳምንት ምረጡና ወጥ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ሲለይ አትደንግጡ። መጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥሎ እጃችሁን፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የተናገረው ስለየትኛው ቦታ እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ ጊዜና ስለ ልጅ

ከሃያ ደቂቃ በላይ አትቀመጡ። እኔ ሱቅ ዘግቼ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ስልኬን መሳቢያ ከትቼ ነው። ስህተታችሁን አትሰርዙ፤ አንድ መስመር አስምሩበትና ከጎኑ ሥሩ። በወር አንዴ ወደኋላ ስትገልጡ አንድ ዓይነት ስህተት አሥር ቦታ ታገኛላችሁ። የእኔ የመቀነስ ምልክት መርሳት ነው። ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ። ሁለት ቀን አንድ ጥያቄ ላይ ከቆማችሁ ደግሞ ሁለት ጣት ወደኋላ።

ልጅ ካላችሁ "እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር" አትበሉት። ማጽናኛ መስሎን ፈቃድ እየሰጠነው ነው። "እስቲ አስረጂኝ" በሉ። የእኔ ጥቅም በእውነት አለማወቄ ነበር። ልጄ ልታስረዳኝ ስትሞክር መሀል ላይ ቆማ "ቆይ፣ እኔም እዚህ ጋ አልገባኝም ለካ" ትላለች።

ሁሉንም አልመለስኩም። ሎጋሪዝም አሁንም ለእኔ ጭጋግ ነው። ሳይንና ኮሳይንን ለመጪው ክረምት አስቀምጫቸዋለሁ።

የክሎሹን ነገር ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር። ሱቃቸው ሄጄ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ምጣዱን ሳይቀር አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝና "የእኔ ይቀላል" ብለው ወደ ማሽናቸው ዞሩ። እኔም አልተከራከርኩም። በሳምንቱ ግን ስልኬ ጮኸ። ከጀርባቸው የሴት ድምፅ ይሰማኛል፣ ደንበኛ ቆማ እየተለካች ነው።

"ልጄ፣ ስድስት ነጥብ ስንት ነበር ያልሽኝ?"